እናት ላጡ ነገሥታት እናት የሆኑት ንግሥት እሌኒ

አማርኛችን ለእናት ብዙ ስም አለው። የወለደችው እናት ትባላለች፤ ያጠባችው የጡት እናት፥ ከክርስትና ያነሣችው የክርስትና እናት፥ አባት በኋላ ያገባት ደግሞ የእንጀራ እናት ትባላለች። ከእነዚህ ሁሉ ክፉ ስም የወጣላት የእንጀራ እናት ናት። ሰው አድልዎ ሲደርስበት «እንደ እንጀራ ልጅ ቈጠሩኝ» ብሎ ያማርራል፤ በየመሥሪያ ቤቱም ዕድገት የቀረበት ጸሐፊ ሁሉ ይህንኑ ቃል ሲደጋግም እንሰማዋለን። ዛሬ ግን፥ አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን ክፉ ስም በሥራቸው ስላስተባበሉ አንዲት የእንጀራ እናት ላወጋችሁ እወዳለሁ። እኚህም በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት የኖሩት፥ በስድስት ነገሥታት ዘመን ቤተ መንግሥቱን ያዩት ንግሥት እሌኒ ናቸው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ዘመን አቈጣጠር አንድ ቃል ላስገባ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የነገሩ እኩሌታ የሚገኘው በፖርቱጋሎች መዝገብ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን አቈጣጠር እያቀላቀልሁ አንባቢን ማደናገር አልወደድሁም።

እሌኒ የሐድያ ልጅ ናቸው። አባታቸው የሐድያው ገዥ ገራድ መሕማድ ነበሩ። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አግብተዋቸው የ«ቀኝ በዓልቲሐት» ማዕረግ ሰጧቸው፤ ይህም በንጉሡ ቀኝ የምትቀመጥ ንግሥት ማለት ነው። የእስላም ገዥ ልጅ ወደ ክርስቲያን ንጉሥ ቤት መግባቷ በዚያ ዘመን ጋብቻ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ውልም ነበር። ውሉ ግን ሁልጊዜ አልጸናም። የገራድ መሕማድ ልጅ ማሒኮ ግብር አልሰጥም ብሎ ሸፈተ፤ የንጉሡም ጦር ተከታትሎ ገደለው። እንግዲህ ይህች ሴት የተወለደችበት ወገንና ያገባችበት ወገን ሲዋጉ በመካከል የቆመች ናት። ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል ከሌላ ሰው አፍ መስማት አላስፈለጋትም። ወደ ኋላ ስለ ሰላምና ስለ ንግድ ያላቸውን አሳብ ስናይ፥ ይህን የወጣትነት ዘመናቸውን ማስታወስ ይገባናል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ታላቅ ንጉሥ፥ መጻሕፍትንም የደረሱ ሊቅ እንደ ነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። በቤታቸው ግን እጅግ ጨካኝ ነበሩ። በእርጅናቸው ዘመን ልጆቻቸውና ሚስቶቻቸው ሳይቀሩ በክስ እየተያዙ ይገረፉ ነበር። ከተገረፉትም አንዷ የልዑል በእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ናቸው። ልጅሽን ለማንገሥ አሲረሻል ተብለው ተከሰሱ፤ በድብደባውም ምክንያት ሞቱና በደብረ ብርሃን አጠገብ በመቅደሰ ማርያም በስውር ተቀበሩ። ልዑሉ የእናቱን ሞት በሰማ ጊዜ መታሰቢያ እንዲሆናት ለቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ ላከ። አባትየው ይህን ሲሰሙ ተቈጡና እናትህ መሞቷን ማን ነገረህ ብለው መረመሩት። እስቲ አስቡት፤ ለእናቱ ጧፍ ማብራት ወንጀል የሆነበት ልጅ!

ኋላም አባትና ልጅ ታረቁ፤ በ1468 አባት ሞተው ልጅ ነገሡ። ዐፄ በእደ ማርያም መንግሥቱን እንደ ያዙ በአባታቸው ዘመን የታሰሩትን ፈቱ፥ ምሕረትም ዐወጁ፤ የእናታቸውንም መታሰቢያ በክብር አደረጉ። በቤተ መንግሥቱ የእናት ወንበር ባዶ ነበርና፥ በዚያ ላይ የአባታቸውን ሚስት ንግሥት እሌኒን አስቀመጡ። ይህ ለእኔ በታሪካችን ውስጥ እጅግ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ነው። እናቱን በአባቱ ቤት ያጣ ልጅ፥ ከዚያው ቤት ሌላ እናት መረጠ።

ለምን እሌኒን መረጡ? የዐፄ በእደ ማርያም ዜና መዋዕል ጸሐፊ ምክንያቱን ይዘረዝራል። እሌኒ በሃይማኖታቸው የጸኑ፥ ጾምና ጸሎት የማያጓድሉ፥ ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉ ነበሩ። ሕግንና መጻሕፍትን ያውቁ ነበር። የንጉሥ ማዕድ በማዘጋጀትም ብልሃተኛ ነበሩ። ስለዚህ ሁሉ ንጉሡ እንደ ወለደቻቸው እናት ይወድዷቸው ነበር ይላል።

ማዕድ ማዘጋጀት ከሕግ ዕውቀት ጋራ ተደርቦ መነገሩ ለዘመናችን ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የንጉሥ ግብር መብልና መጠጥ ብቻ አልነበረም። ከተማው በድንኳን የሚኖር፥ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወር ነበርና፥ መንግሥት ማለት ራሱ በግብር ላይ ይታይ ነበር። ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚቀመጥ፥ ለማን የትኛው ብልት እንደሚቀርብ፥ ማን አስቀድሞ ማን ቈይቶ እንደሚገባ፥ ከየትኛው አገር ስንት ጋን ጠጅና ስንት ሰንጋ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው፥ የመንግሥቱን ማዕረግና የግምጃ ቤቱን ሒሳብ አወቀ ማለት ነው። አንድ ስሕተት መኳንንትን ያስቈጣል፤ የተቈጣ መኰንን ደግሞ ወደ አገሩ ሄዶ ይሸፍታል። እናንተ በጽሕፈት ቤት የምትውሉ አንባቢዎቼ የማዕረግ ነገር ምን ያህል ቍጣ እንደሚያስነሣ ከእኔ ይልቅ ስለምታውቁት ይህን ማብዛት አያስፈልገኝም።

ዐፄ በእደ ማርያም ዐሥር ዓመት ነግሠው በ1478 በወጣትነታቸው ሞቱ። ልጃቸው እስክንድር ገና ሕፃን ነበሩና ሥልጣኑ በሞግዚቶች እጅ ገባ፤ ከእነርሱም ይልቅ ቢትወደድ ዐምደ ሚካኤል በረቱ። በዚያን ጊዜ የንግሥት እሌኒ ቃል ብዙ አልተሰማም። ቢትወደዱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ግን እንደገና ወደ ምክር ተመለሱ። ዐፄ እስክንድር በ1494 በጦርነት ሞቱ፤ ሕፃኑ ዐምደ ጽዮን ከጥቂት ወራት በኋላ ተከተሏቸው፤ ከዚያም የበእደ ማርያም ልጅ ዐፄ ናዖድ እስከ 1508 ነገሡ። ይህን ሁሉ በአጭሩ የማልፈው የንግሥቲቱ ዋና ሥራ ከዚህ በኋላ ስለ ሆነ ነው።

ዐፄ ናዖድ ሲሞቱ ልጃቸው ልብነ ድንግል የዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ። ታላቅ ወንድም እያላቸው እርሳቸው እንዲነግሡ ያደረጉት ንግሥት እሌኒና ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ መሆናቸውን፥ ጳጳሱ ራሳቸው ለፖርቱጋሉ ቄስ ለፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነግረውታል። በአማርኛችን «ሞግዚት» የሚለው ቃል ሕፃን ለሚያሳድገውም፥ ለሕፃን ንጉሥ መንግሥት ለሚጠብቀውም አንድ ነው። እሌኒ በሁለቱም ወገን ሞግዚት ሆኑ። የንጉሡ ወላጅ እናት ናዖድ ሞገሳ በሕይወት ነበሩ፤ ነገር ግን የመንግሥቱን ሥራ የሚያስተምሩት አሮጊቷ ንግሥት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸው ነበር። የመንግሥቱን ነገር ሁሉ ከዚያ ጀምረው በዐይናቸው ያዩ፥ በሕይወትም የቀሩ ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ።

አሁን በ1509 ወደ ጻፉት ደብዳቤ እንምጣ።

በዚያ ዘመን በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነገሩ ሁሉ እየተለወጠ ነበር። ፖርቱጋሎች አፍሪካን ዞረው ወደ ሕንድ ደርሰው ነበር፤ በ1509 መጀመሪያም በዲዩ ወደብ ፊት የግብፁን ሱልጣን መርከቦች ድል አደረጉ። በደጋው ላይ ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ ወሬ ነው። ንግሥት እሌኒ ግን ሰሙት፥ ትርጕሙንም ዐወቁት። ለዚህም የሚረዳ ሰው በቤተ መንግሥቱ ነበር፤ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው የፖርቱጋል መልእክተኛ በዐፄ እስክንድር ዘመን መጥቶ እንዳይመለስ ተከልክሎ፥ ርስት ተሰጥቶት፥ ሚስት አግብቶ ይኖር ነበር።

ንግሥቲቱ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል የላኩት ደብዳቤ አሳቡ ግልጥ ነው። እናንተ በባሕር ላይ ትበረታላችሁ፥ እኛ በምድር ላይ እንበረታለን፤ እኛ ሰውና ስንቅ አለን፥ መርከብ ግን የለንም፤ የግብፅ ሱልጣን መርከብ እያዘጋጀ ነውና ኀይላችንን እናስተባብር የሚል ነው። ወዳጅነቱ እንዲጸናም ልጆቻችን በጋብቻ ይተሳሰሩ የሚል አሳብ ጨመሩበት። ከመስቀሉ ዕንጨት ቍራጭም አብረው ላኩ። እኔ ይህን ደብዳቤ ባሰብሁ ቍጥር የሚገርመኝ ትሕትናውና ኵራቱ በአንድነት መገኘታቸው ነው። መርከብ የለንም ብሎ ለባዕድ ንጉሥ መናገር ለመንግሥት ቀላል ቃል አይደለም፤ ብዙ መንግሥታት የሌላቸውን አለን እያሉ ነው የጠፉት። በጋብቻ ስለ መተሳሰር ያመጡትም አሳብ ከየት እንደ መጣ መገመት ይቻላል፤ እርሳቸው ራሳቸው በእንዲህ ያለ ውል የመጡ ሙሽራ ነበሩና።

መልእክተኛው ማቴዎስ የተባለ የአርመን ሰው ነው። በንግድ ሰው መልክ በእስላሞች አገር አልፎ በ1512 ሕንድ አገር ጎዋ ደረሰ። አገረ ገዥው አፎንሶ ደ አልቡከርክ ስለ መስቀሉ ዕንጨት ሲል በክብር ተቀበለው። ሌሎቹ ግን ሰላይ ነው፥ ውሸታም ነው ብለው ጠረጠሩት፤ በመንገድ ላይም የመርከብ አለቆች ብዙ ስድብና እንግልት አደረሱበት። ሊዝቦን የገባው በ1514 ነው። ንጉሥ ማኑኤል አመኑት፥ አከበሩትም፤ ያንገላቱትንም ቀጡለት። ከዚያ በኋላ ዱዋርቴ ጋልቫኦ የተባለ ዕድሜው ከሰባ ያለፈ አምባሳደር ሾመው ከእርሱ ጋራ መለሱት፤ ሽማግሌው ግን ኢትዮጵያን ሳያይ በ1517 በቀይ ባሕር በከማራን ደሴት ሞተ። በመጨረሻ ዶም ሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው መልእክት በሚያዝያ 1520 ምጽዋ ወረደ። ማቴዎስም ከዐሥር ዓመት በላይ ከተንከራተተ በኋላ ያገሩን አየር አየና፥ ንግሥቲቱ ዘንድ ሳይደርስ በዚያው ሰሞን በደብረ ቢዘን አካባቢ ሞተ። የደብዳቤ ሥራ በምንሠራ ሰዎች ዘንድ ይህ ሰው ሊታሰብ የሚገባው ነው።

መልሱ ሲደርስ ግን ጠያቂው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ልብነ ድንግል አድገው ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል። በ1517 ገደማ፥ በየዓመቱ በጾም ወራት አገሩን ይወርር የነበረውን የአዳሉን ማሕፉዝን ድል አድርገው ነበር፤ ማሕፉዝም ገብረ እንድርያስ በተባለ መነኵሴ እጅ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ፖርቱጋሎች ዘይላን አቃጥለዋል። ወጣቱ ንጉሥ ይህን ድል ባዩ ጊዜ የባሕር ረዳት የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም። ለመጡትም አምባሳደሮች ማቴዎስን የላኩት እርሳቸው እንዳልሆኑ፥ በዚያ ጊዜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንደ ነበሩና ነገሩ የንግሥት እሌኒ እንደ ሆነ አስታወቁ። መልእክተኞቹም ስድስት ዓመት ቈይተው በ1526 ተመለሱ።

በንጉሡ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ፍርዱን ለማለዘብ እወዳለሁ። አሳዳጊ ያስተማረችውን ነገር ሁሉ ልጅ ወዲያው አይቀበልም። ከእርሷ ጥላ ወጥቶ በራሱ እግር መቆሙን ሊያሳይ ይወድዳል፤ የመጀመሪያው ድል ደግሞ ለወጣት ልብ እንደ ጠጅ ነው። ደግሞም ማሕፉዝን ድል ያደረጉት በእውነት ነው እንጂ በወሬ አልነበረም። ነገር ግን አሮጊቷ ንግሥት ደብዳቤውን የጻፉት ስለ አንድ ማሕፉዝ ብቻ እንዳልነበረ አላስተዋሉም። በ1517 ቱርኮች ግብፅን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃና መድፍ በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ይመላለስ ጀመር። ማሕፉዝ የወደቀው በሰይፍ ዘመን ነው፤ ተከትሎት የሚመጣው የጠመንጃ ዘመን ነበር።

ንግሥት እሌኒ በ1522 ገደማ ዐረፉ። ፖርቱጋሎቹ በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ ነበሩና፥ ቄስ አልቫሬዝ የሕዝቡን ኀዘን መዝግቦ አቈይቶልናል። መጽሐፉ በ1540 ሊዝቦን ታትሟል። እርሱ እንደሚለው፥ ሕዝቡ እሌኒ ከሞቱ ወዲህ ታላቁም ታናሹም ሁሉ እንደ ሞተ ይናገር ነበር፤ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ሁሉም ተጠብቆ ይኖር እንደ ነበር፥ ለሁሉም አባትም እናትም እንደ ነበሩ ይመሰክር ነበር። ንጉሡም በጀመረው መንገድ ከሄደ አገሩ ባዶ ይቀራል እያሉ ያጕረመርሙ ነበር። ይህ የመጨረሻው ቃል ያለ ምክንያት አልመጣም። የንግሥቲቱ ርስት የነበረው የጎጃም ግብር በዚያው ሰሞን ወደ ንጉሡ ከተማ ሲገባ አልቫሬዝ አይቷል፤ 3,000 ፈረስ፥ 3,000 በቅሎ፥ ብዙ ልብስና ብዙ ወርቅ ነበረበት። በንግሥቲቱ ጥበቃ ሥር የነበረ ገበሬ ጠባቂው ማን እንደ ነበረች ያወቀው በዚያ ቀን ይመስለኛል።

ልብ አድርጉ፤ ሕዝቡ «አባትም እናትም» አለ እንጂ ንግሥት ወይም ሞግዚት ብቻ አላለም። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ስለ ዐፄ በእደ ማርያም የተናገረውን፥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቋንቋቸውን የማያውቅ ባዕድ ቄስ ስለ ሕዝቡ ተናገረው። ሁለቱ ጸሐፊዎች ሳይተያዩ፥ አንዱም የሌላውን መጽሐፍ ሳያነብ በአንድ ቃል ተገናኙ። የታሪክ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር አይፈልግም። በእርግጥ ንግሥቲቱ ጠላት አልነበራቸውም አልልም፤ አርባና ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሥልጣን አጠገብ የኖረ ሰው ያለ ጠላት አይኖርም።

ስለ ዕውቀታቸውም የቀረ ነገር አለ። ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የተባለው የፖርቱጋል ጸሐፊ ሁለት የሃይማኖት መጻሕፍት እንደ ደረሱ ጽፏል። በጎጃም በእነብሴ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ የሕንጻው ዝና በዘመኑ ለመጡት እንግዶች ሳይቀር ተሰምቷል። የተጠረበው ድንጋይና ፍርስራሹ ዛሬም በስፍራው ይታያል። ወደ ጎጃም የምትሄዱ ብትኖሩ መንገዱን ትንሽ ዞር ብላችሁ ብታዩት ድካማችሁ አይቈጭም።

ከሞታቸው በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1529 በሽምብራ ኵሬ የንጉሡ ጦር በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ፥ ከገዳም ወደ ገዳም እየሸሹ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት ንጉሡ የፖርቱጋልን ርዳታ የሚለምን መልእክት ላኩ፤ ያን ጊዜ መልእክተኛ ሆኖ የሄደው ጆኣኦ ቤርሙዴስ የተባለ፥ ከሮድሪጎ ደ ሊማ ጋራ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር። በመስከረም 1540 ንጉሡ በደብረ ዳሞ ሲያርፉ ርዳታው ገና አልደረሰም ነበር።

በ1541 ግን የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ወታደር ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። የልብነ ድንግል ባለቤት ንግሥት ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው ተቀበሉት። ክሪስቶቫኦ ራሱ ተማርኮ ተገደለ፤ የቀሩት ወታደሮቹ ግን ከዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋራ ሆነው በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ተሰለፉ፤ በዚያም ቀን ኢማም አሕመድ ወደቀ። ንግሥት ሰብለ ወንጌል ከአምባው ሲወርዱ፥ መርከብ የለንም የሚለው ደብዳቤ ከተጻፈ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።